ይርጋጨፌ ልግዛ ወይስ ሐረር? ቡናን በመዓዛው ለመምረጥ

ባለሱቁ "የየት ይሁንልሽ?" ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን አፋችን ላይ የሚመጣው የለመድነው ስም ነው። ሐረር እየተጠጣ ያደገ ሐረር ይላል። የገነነ ስም የሚወድ ይርጋጨፌ ይላል። ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ጅማ የሚልም አለ። ውጭ አገር ያለውም ቢሆን ያው ነው። ዋሽንግተን ይሁን ዱባይ፣ የአበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቁት እነዚሁ ስሞች ናቸው።

ስሙ ውሸት ነው አላልኩም። ቡናው የበቀለበት ቦታ መዓዛውን በእርግጥ ይለውጠዋል። ስሙ ብቻውን ግን ግማሽ መረጃ ነው። ከአንድ ወረዳ ከወጡ ሁለት ቡናዎች አንዱ አበባ አበባ፣ ሌላው የበሰለ እንጆሪ እንጆሪ ሊል ይችላል። ይርጋጨፌና ጅማ ደግሞ ምጣድ ላይ ጥቁር እስኪሉ ከተቆሉ ማን ማን እንደሆነ የሚለይ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ "የቱ ይበልጣል?" ከማለት "እኔ ቤት፣ በእኔ አቆላል፣ የየቱ መዓዛ ይወጣል?" ማለት ይሻላል።

ለዚህ ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል። ቡናው የበቀለበት ከፍታ፣ ታጥቦ ነው ወይስ ከነቆዳው የደረቀው የሚለው፣ እና የእናንተ ምጣድ።

መዓዛው ከየት ይመጣል?

ጥሬ ቡና ብታሸቱ ሣር ሣር ወይም ጥሬ አተር አተር ይላል። ቡና ቡና የሚለው ሽታ ምጣድ ላይ ነው የሚወለደው። ፍሬው ውስጥ ስኳር አለ፣ አሚኖ አሲድ አለ፣ ክሎሮጂኒክ አሲድና ትሪጎኔሊን የሚባሉም አሉ። እሳቱ እነዚህን ያፈርስና እንደገና ያገጣጥማቸዋል። በተቆላ ቡና ውስጥ ከ800 በላይ የሚተኑ ውሁዶች ተለይተዋል። አፍንጫችን ላይ ጎልተው የሚሰሙት ግን ጥቂት ደርዘን ያህሉ ብቻ ናቸው።

ከነዚህ አንዱ ፉርፉሪልታዮል ይባላል። በውስጡ ድኝ አለበት። ከጎረቤት ቡና ሲቆላ በግድግዳ አልፎ የሚጠራን በዋናነት እሱ ነው። ግን በሁሉም ቡና ውስጥ ስላለ ለምርጫ አይረዳም። ፒራዚኖች የተቆላ ለውዝ፣ አንዳንዴም የአፈር ሽታ ይሰጣሉ። ጓያኮል የሚባለው ደግሞ የጭስና የቅመም ሽታ አለው፤ አቆላሉ ሲጠቁር እሱም ይበረታል።

ስለ ቦታው የሚያወሩት ሌሎች ናቸው። ጓዳ ግቡና ሁለት ሦስት ፍሬ ድምብላል በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ የሚመጣው፣ አበባም ሎሚም የሚመስለው ለስላሳ ሽታ በአብዛኛው ሊናሎል ነው። ጃስሚን አበባ ውስጥም አለ፣ በሶብላ ውስጥም አለ። ከደጋማ ቦታ የመጣ የታጠበ ቡና በስሱ ተቆልቶ ሲፈላ "አበባ አበባ ይላል" የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይሄው ውሁድ ነው። ሊሞኒን የተባለው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው። ቤታ ዳማሴኖን የሚባል ጽጌረዳ ውስጥ የሚገኝ ውሁድም አለ፤ ቡና ውስጥ ማርና የበሰለ ፖም ይመስላል። ኢስተሮች ደግሞ የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ ናቸው። ሙዝ ሙዝ፣ እንጆሪ እንጆሪ፣ አንዳንዴም ጠጅ ጠጅ ይላሉ።

እነዚህ ሁሉ ስሶች ናቸው። በትንሽ ሙቀት ይተናሉ፣ በትንሽ ስህተት ይጠፋሉ። ውድ ቡና ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚሄደው በአብዛኛው ለእነሱ ነው።

ደጋው ለምን ይሸታል?

ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ አየሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከ1,200 ሜትር ወደ 2,100 ሜትር ስትወጡ ልዩነቱ አምስት ዲግሪ አለፍ ይላል። ለቡና ዛፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዝቃዜው የፍሬውን መብሰል ያዘገየዋል። ቆላ ላይ ቶሎ የሚቀላው እሸት፣ ደጋው ጫፍ ላይ ሳምንታት ይጨምራል። በዚያ ጊዜ ፍሬው ስኳርና ስብ ያከማቻል፣ ጥቅጥቅም ይላል። የደጋ ቡና እፍኝ ስትይዙ ከበድ የሚለው ለዚህ ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የሬዩንዮን ደሴት የተሠራ አንድ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አየራቸው ከሚለያይ ማሳዎች ጥሬ ቡና ሰብስበው የሚተኑትን ውሁዶች ለኩ፣ ቡናውንም ቀመሱ። ፍሬው ሲያድግ የነበረው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ጎምዘዝ ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ቡና ተገኘ። ሙቀቱና ፀሐዩ ሲበረታ ግን ቡታንዳዮል የሚባሉ ሁለት አልኮሎች አብረው ጨመሩ። ከእነሱ ጋርም ጥሬ ሣርና አፈር የሚል ጣዕም መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈ "2,000 ሜትር" አስማት አይደለም። ቁም ነገሩ ቅዝቃዜው ነው። ጌዴኦ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ቅዝቃዜ ለማግኘት ከፍ ማለት አለበት። ሃዋይ ከምድር ወገብ በጣም ስለምትርቅ ዝነኛው የኮና ቡናዋ ከ900 ሜትር በታች ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ከፍታን ስታወዳድሩ የኢትዮጵያን ከኢትዮጵያ ጋር እንጂ ከብራዚል ጋር አታድርጉት።

ዘሩስ? ዘሩም አለበት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ። ለዓመታት ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ ቦኬቴ የሚገኘው የላ ኤስሜራልዳ እርሻ ከፍ ካለው ማሳው ላይ ለብቻው ለቅሞ ለውድድር ሲያቀርበው ግን ዳኞቹን አስደነገጠ። ጃስሚንና ቤርጋሞት (መዓዛው የጎላ የሎሚ ዘመድ) ነበር የሸተተው። ዘሩ ችሎታው አለው፣ ከፍታው ደግሞ ያወጣዋል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ የበለጠ ይጠላለፋል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ ወደ ምዕራቡ ጫካ ወጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢሉባቦር የተመረጡ ናቸው። የስማቸው መጀመሪያ ዓመቱ ነው። ዛሬ ጉጂና ሲዳማ ውስጥም በብዛት ተተክለዋል። "የደቡብ ቡና" ብላችሁ የምትጠጡት እናቱ ኢሉባቦር ልትሆን ትችላለች። መዓዛው ግን የኢሉባቦር አይደለም። ይህ ቦታ ምን ያህል እንደሚሠራ ጥሩ ማሳያ ነው።

ታጥቦ ወይስ ከነቆዳው ደርቆ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከወረዳው ስም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የታጠበ ቡና ማለት ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ቆዳው ተገፎ፣ የሚያዳልጠው ሙጫ ገንዳ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተብላልቶ ለቆ፣ ከዚያ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ነው። ፍራፍሬው ቶሎ ስለሚነሳለት የፍሬው የራሱ መዓዛ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። አበባውና ሎሚው የሚሰማው በዚህ ነው።

ያልታጠበው ከነቆዳው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ይፈለፈላል። በነዚያ ቀናት እርሾና ባክቴሪያ የቆዳውን ስኳር ይበላሉ፣ ኢስተርም ይፈጥራሉ። ጠጅ በሚጥሉበት ጋን ውስጥ የሚሆነው አይነት ነገር ነው። ፍሬው ያን ሽታ ይጠጣል። እንጆሪው፣ ብሉቤሪው፣ ወይን ወይን ማለቱ ከዚያ ነው። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ ኮምጣጤ ወይም ሻጋታ ይሆናል።

ለመግዛት ይህ ምን ይነግራችኋል? ያልታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ከታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ይልቅ ላልታጠበ የጉጂ ቡና ይቀርባል። አበባ ፈልጋችሁ "ይርጋጨፌ" ብላችሁ ያልታጠበውን ብትወስዱ የምታገኙት ሌላ ነገር ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን የፈለጋችሁት አይደለም።

ጌዴኦ፣ ጉጂ፣ ሲዳማ

ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ለብዙ ሰውም አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

ይርጋጨፌ ጌዴኦ ዞን ውስጥ ነው። የቡናው ማሳ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ወደ ጌዴብ ስትሄዱ ከዚያም በላይ አለ። ቡናው ከእንሰትና ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ይህ አኗኗር ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥላው ሙቀቱን ያበርድና መብሰሉን የበለጠ ያዘገየዋል። ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ የሚባሉ የራሱ የአካባቢ ዘሮች አሉት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማጠቢያ ጣቢያ ቀድሞ ከገባባቸው አካባቢዎች አንዱም ስለሆነ በማጠብ የካበተ ልምድ አለው።

የታጠበው ይርጋጨፌ መለያው ጃስሚን፣ ሎሚ፣ አንዳንዴም እንደ ሻይ ያለ ቀለል ማለት ነው። ሰውነቱ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚሰማው ክብደት፣ ቀጭን ነው። ወፍራም የጀበና ቡና የለመደ እናት ቀምሳ "ምነው ቀጠነብኝ" ብትል አልፈርድባትም። ለእሷ አይደለም የተሠራው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ በእሷ አቆላል ያ ሁሉ አበባ ሲኒው ሳይደርስ አልቋል።

ጉጂ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ቡናው በሲዳሞ ስም ነበር የሚሸጠው። ሻኪሶ፣ ኡራጋ፣ ሐምበላ የሚሉ ስሞች ከረጢት ላይ ካያችሁ ይሄ ነው። ኡራጋ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ማሳ ብዙ አለው። የጉጂ የታጠበ ቡና አበባም አለው፣ ግን ከይርጋጨፌ ይልቅ ጣፋጭና ወፈር ያለ ነው፤ ኮክ የተባለውን ፍራፍሬ ያስታውሳል። ያልታጠበው ጉጂ ደግሞ በእኔ ምላስ ዛሬ ከኢትዮጵያ ያልታጠቡ ቡናዎች ሁሉ አስተማማኙ ነው። እንጆሪው ግልጽ ነው፣ ኮምጣጤነት አይበዛበትም። በአልጋ ላይ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ያግዘዋል። ሙቀት ቢበዛ መብላላቱ ይፈጥንና ከልክ ያልፋል።

ሲዳማ ሰፊ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ክልል ነው። ከረጢቱ ላይ "ሲዳሞ" የሚለው የድሮው ክፍለ ሀገር ስም ግን ብዙ ነገር ያቅፋል፤ ከየትኛውም ጥግ ሊመጣ ይችላል። "ሲዳማ፣ ቤንሳ" ወይም "አለታ ወንዶ" ብሎ ወረዳ የጠቀሰውን ምረጡ። በኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ ቡና ነበር። ከሦስቱ ሚዛናዊው ሲዳማ ነው። አበባው ከይርጋጨፌ ያነሰ፣ ፍራፍሬው ከጉጂ የረጋ። ለእንግዳ ይሁን ለቤት፣ ማንንም አያስቀይምም።

ዋጋ ላይ ይርጋጨፌ ለምን ይወደዳል? መዓዛው አለ፣ ስሙም አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት ለማድረግ አመለከተ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ከተሟገተ በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰ። እነዚህ ስሞች በዓለም ገበያ ራሳቸውን የቻሉ ሀብት ናቸው። እናንተ ግን መዓዛ እንጂ ስም አትጠጡም። ጥሩ የኡራጋ ቡና ካገኛችሁ መካከለኛ ይርጋጨፌን ያስንቃል።

ሐረር ለብቻው ነው

ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው። ዝናብ ያንሳል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ጥላ ዛፍ እንደ ጌዴኦ ጥቅጥቅ አይልም። ውሃ ብርቅ ስለሆነ ቡናው በልማድ አይታጠብም፣ ከነቆዳው ነው የሚደርቀው። ገበሬው ውሃውንና መሬቱን ከጫት ጋር ሲያካፍል ብዙ ጊዜ ጫቱ ያሸንፋል። በዚህ ሁሉ መሀል የሚወጣው ቡና ግን ከየትም የማይገኝ መዓዛ አለው። ብሉቤሪ፣ ወይን፣ ቸኮላት፣ ትንሽ ቅመም። የድሮ ነጋዴዎች በቀይ ባሕር በኩል "ሞካ" ብለው ለዓለም ሲሸጡት የነበረው ሽታ ውስጥ የሐረር ድርሻ ትልቅ ነው።

ታዲያ የሐረር ችግሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱ እፍኝ ያሳብዳል፣ ቀጣዩ አቧራ አቧራ ይላል። መሬት ላይ የተሰጣ ከሆነ የአፈሩን ሽታ ይይዛል። ቀዩና አረንጓዴው አብሮ ከተለቀመ ደግሞ ስትቆሉት ነጣ ብለው የሚቀሩ ፍሬዎች ይወጣሉ፤ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላሉ። እነሱን ከምጣዱ ላይ መልቀም ነው። ሐረር ስትገዙ ተመሳሳይ ቀለም ያለው፣ ወርቃማ ቢጫ ያለበት፣ ያልተሰባበረ ፍሬ ፈልጉ። ብዙ አትግዙ። ጥሩ ካገኛችሁ በማግስቱ ተመልሳችሁ ከዚያው ጆንያ ጨምሩ።

ለጀበና ቤት ግን ከሐረር የሚሻል ያለ አይመስለኝም። ፍራፍሬው ወፍራም ስለሆነ ጠቆር ብሎ ሲቆላም ትንሽ ይቀራል። አበባው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ወይኑና ቸኮላቱ ይጸናሉ።

ምዕራቡ፦ ሊሙ፣ ጅማ፣ ወለጋ፣ ከፋ

ሊሙ ያልተዘመረለት ቡና ነው። በአብዛኛው የታጠበ ነው፣ ከፍታው ከደቡቡ ዝቅ ይላል። አበባውና ጎምዛዛነቱ የረገበ ነው። በምትኩ ጣፋጭነት፣ ትንሽ ቅመም፣ ንጹሕ አጨራረስ አለው። ይርጋጨፌ በጣም ጎመዘዘብኝ ላለ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ሊሙ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይታገሣል።

ጅማ ሲባል ብዙ ሰው ርካሽ፣ አፈር አፈር የሚል ቡና ያስባል። ያልታጠበው፣ ተራ ደረጃው በእርግጥ እንደዚያ ነው። ሲኒ ሙሉ ነው፣ መራራነቱ ይሰማል፣ መዓዛው ደብዛዛ ነው። ግን የአጋሮና የጎማ ገበሬዎች ማኅበራት ማጠቢያ ጣቢያ አቋቁመው ቀዩን ብቻ መልቀም ሲጀምሩ ከዚያው አፈር፣ ከዚያው ዛፍ አበባና ኮክ የሚል ቡና ወጣ። ዛሬ የዱሮሚና ማኅበር ቡና በውጭ አገር ልዩ ቡና ቤቶች በስሙ ይፈለጋል። የዚያ ሰፈር ሰው አቅሙ ሁልጊዜም ነበረው፤ የጎደለው ውሃና ጥንቃቄ ነበር። "ጅማ" የሚለውን ስም ብቻ ሰምታችሁ አትለፉት። ታጥቧል ወይ በሉ።

ወለጋ፣ በገበያ ስሙ ነቀምቴ፣ ፍሬው ትልቅ ነው፤ ሳይታጠብ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል፣ ግን ከሐረር የለሰለሰ ነው። ከፋና ኢሉባቦር ውስጥ ያለው ያዩ በ2010 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ባዮስፌር (የተጠበቀ የተፈጥሮ ክልል) የሆኑ ጫካዎች አሏቸው። ከዚያ የሚለቀመው የጫካ ቡና ዘሩ ድብልቅ ስለሆነ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ማወቅ ለሚወድ ሰው ደስ ይላል፣ ሁልጊዜ አንድ አይነት ለሚፈልግ አይሆንም። ቴፒና በበቃ ዝቅ ያሉ ሞቃት ቦታዎች ናቸው፤ ለስላሳና ገር ቡና ነው፣ መዓዛ ፍለጋ አትሂዱባቸው።

ምጣዱ ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል

ቡና ምጣድ ላይ መጀመሪያ ሲንጣጣ የፍሬው ሙቀት 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊናሎሉም፣ የኢስተሮቹም አብዛኛው ገና አለ። ፍሬው ጠቁሮ ዘይት ካወጣ ግን ጓያኮልና መሰሎቹ ቦታውን ይዘዋል። ጭስ፣ ቅመም፣ የተቃጠለ ስኳር። ብዙዎቻችን ያደግንበት ሽታ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ ሽታ የቦታው አይደለም፣ የእሳቱ ነው።

ጀበናውም የራሱ ድርሻ አለው። ቡናው ከነዱቄቱ ይንተከተካል። ስስ የሆነው መዓዛ በጀበናው አፍ በእንፋሎት ይወጣል። ቤቱ ደስ ይለዋል፣ ሲኒው ግን ይጎድልበታል። ከጎኑ እጣን ከጨሰ፣ ሲኒው ውስጥ ጤና አዳም ከገባ፣ ይርጋጨፌ መግዛት ለእኔ ትርጉም የለውም። ጤና አዳም ለብቻው ጠንካራ መዓዛ ነው፣ የጃስሚንን ድምፅ አያሰማም። አበባውን መቅመስ ከፈለጋችሁ እጣኑን ከሁለተኛው በኋላ አጭሱት።

ታዲያ የቱን?

ጠቆር አድርጋችሁ በምጣድ ቆልታችሁ፣ በጀበና አፍልታችሁ፣ በስኳር የምትጠጡ ከሆነ፦ ሐረር፣ ወይም ጥሩ የተለቀመ ያልታጠበ ጅማ። በቅቤና በጨው ለሚጠጣም እነዚሁ ናቸው። ተጨማሪ ገንዘባችሁን ለይርጋጨፌ አታውጡ።

በጀበና የምትጠጡ፣ ግን መዓዛውም ይቅርብን የማትሉ ከሆነ ያልታጠበ ጉጂ ወይም ሲዳማ ውሰዱ። መንጣጣቱ ሲያበቃ፣ ቡናማው ሳይጠቁር አውርዱት። ጀበናው አንዴ ከገነፈለ ይበቃዋል፣ ደጋግሞ አይንተክተክ።

በወረቀት ማጣሪያ፣ በትኩስ ግን በማይፈላ ውሃ የምታዘጋጁ ከሆነ የታጠበ ይርጋጨፌ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ነው። ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ሲኒው ለብ ሲል ተመልሳችሁ አሽትቱት፤ አበባው ያኔ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ኡራጋና የታጠበ የአጋሮ ቡናም እዚህ ቦታ ላይ አያሳፍሩም።

ጨጓራችሁ ለጎምዛዛ ነገር ስሱ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ሁሉም የየራሱ ምርጫ ካለው ሊሙ ወይም የታጠበ ሲዳማ፣ መካከለኛ አቆላል።

ለኤስፕሬሶ ማሽን ደግሞ ያልታጠበ ሲዳማን ከሊሙ ጋር ቀላቅሉ። ለብቻው ይርጋጨፌ በማሽን ሲወጣ ጎምዛዛነቱ ይጠነክርና ምላስ ይቆነጥጣል።

ሱቅ ውስጥ

ጥሬ ቡና ከሆነ እፍኝ ያዙና ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተንፍሱበት፣ ከዚያ አሽትቱ። የታጠበው ንጹሕ ሣር መሰል ሽታ፣ ያልታጠበው የደረቀ ፍራፍሬ ሽታ ሊኖረው ይገባል። ጆንያ፣ ሻጋታ፣ ነዳጅ ከሸተታችሁ መልሱት። ቡና የአጠገቡን ሽታ ይስባል፤ ከበርበሬና ከሳሙና ጎን የተቀመጠ ጆንያ ከይርጋጨፌም ቢመጣ አይጠቅምም።

ቀለሙን ተመልከቱ። አዲስ የታጠበ ቡና ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው። ነጣ ያለ ወይም የደበዘዘ ከሆነ አርጅቷል። የአገራችን ዋና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ "የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጥሬ ቡና ዓመት ያህል ይቆያል። አበባው ግን ከሁሉም ቀድሞ ይሄዳል።

የተቆላ በከረጢት የምትገዙ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ "እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ" የሚለውን ተዉት። የተቆላበትን ቀን ፈልጉ። ከተቆላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብትጨርሱት ይመረጣል። የተፈጨውማ በቀናት ውስጥ መዓዛው ይሸሻል፣ ፉርፉሪልታዮል ራሱ ኦክስጅን አይወድም። ወረዳ፣ ከፍታና አዘገጃጀቱ ካልተጻፈበት "የኢትዮጵያ ቡና" ብቻ የሚል ከረጢት ከየትም ሊሆን ይችላል።

ሁለት መካከል ከተቸገራችሁ ደግሞ ከሁለቱም ሩብ ሩብ ኪሎ ግዙ። በአንድ ምጣድ፣ በአንድ አይነት እሳት፣ አንዱን ከአንዱ አስከትላችሁ ቁሉ። በሁለት የተለያየ ሲኒ አድርጋችሁ አንድ ላይ ቅመሱ፣ ያለ ስኳር። ባለሱቁ ደግሞ ጎበዝ ከሆነ የትኛውን ወረዳ እንደምትፈልጉ ከሰማ በኋላ ጆንያውን ራሱ ከውስጥ አውጥቶ ያሳያችኋል። "አላውቅም፣ ይርጋጨፌ ነው ብለውኛል" ካለ የመዓዛ ዋጋ አትክፈሉት።